ፍግ የማይበላ አበባ

ወንድሜ ወደ ቤት የተመለሰው በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በተከራያት አሮጌ ፒካፕ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መጣ። ከኋላ ፍራሹ፣ ሻንጣውና በሲባጎ የታሰረ ካርቶኑ ተጭነዋል፤ የቀረውን ቦታ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ ችግኞች ሞልተውታል። እማዬ ከኋላዬ ብቅ ስትል ችግኞቹን አላየችም። መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው። ጫማ መልበስ አቅቶት በነጠላ ጫማ ነበር፤ እሱም ጠቦታል።

"ምን ሆኖ ነው እግርህ እንዲህ ያበጠው?" አለችው።

"ቆሜ ስለምውል ነው እማዬ። አሁን እነዚህን እናውርዳቸው፣ ፀሐዩ ጨረሳቸው።"

እኔ ታላቅ እኅቱ ነኝ። ዊንጌት አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አላገባሁም፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ፣ ወደ ጋራው በሚወጣው ዳገት ላይ አባታችን በሠራው ቤት ከእማዬ ጋር እኖራለሁ። አባታችን በስኳር በሽታ ነው የሞተው። ወንድሜ እርሻ ተምሮ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የአበባ እርሻ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። እዚያ የሚያመርቱት ጽጌረዳ ነበር። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ፕሮቲያ የሚባል የደቡብ አፍሪካ አበባ ለሙከራ አስመጥቶ አስተከለና ወንድሜን በኃላፊነት አስቀመጠው። ሙከራው ገበያ አላገኘም፤ ተነቅሎ ይጣል ተባለ። በዚያው ሰሞን ወንድሜም ድካሙ እየባሰበት፣ የአበባውን ግሪንሃውስ አንዴ ዞሮ ለመጨረስ እየተቀመጠ የሚያርፍ ሆነ። ሥራውን ለቀቀ። ሲለቅ የጠየቀው ነገር ቢኖር የሚጣሉትን ችግኞች ብቻ ነው።

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየቻቸው። ቅጠላቸው ወፍራም፣ ቆዳ የመሰለ፣ አመድማ አረንጓዴ ነው። አንዱ ላይ የደረቀ አሮጌ አበባ ነበር፤ የሚዋጋ የመሰለ፣ ቅርፊቱ የተደራረበ።

"ኮሸሽላ ደግሞ ቤት ውስጥ ይተከል ጀመር?" አለች።

ወንድሜ ሳቀ። በዚያ ወቅት ገና ይስቅ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ያዘ። ቀለም ቀቢዎች የጣሏቸውን ባልዲዎች ሰብስቦ ታቻቸውን በጋለ ብረት በሳሳቸው። የሸክላ ማሰሮም ጥቂት አገኘ። ከመንገድ ሥራ የተረፈ ገረጋንቲ በማዳበሪያ ከረጢት አስመጣ፤ አሸዋ ጨመረበት፤ ከጋራው ጥድ ሥር የተዛቀ ቀይ አፈር ቀላቀለበት። ችግኞቹን ከፕላስቲኩ ሲያወጣ እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚይዛቸው። ሥራቸው ከተነካ ያኮርፋሉ ይላል። በባልዲ ካስቀመጣቸው በኋላ መኮትኮት የለም፣ አረም በጣት ብቻ ይለቀማል። እያንዳንዱ ባልዲ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ውሃው እንዲወርድ እንጂ ከታች እንዳይተኛ።

እማዬ በርጩማ አውጥታ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች።

"ፍጉስ?" አለችው።

"ፍግ አይበሉም።"

"የማይበላ ተክል አለ እንዴ?"

"አገራቸው ድንጋይና አሸዋ ነው እማዬ። ከደሃ አፈር ጥቂቷን ለቅመው መኖር ነው የለመዱት። ፍግ ውስጥ ፎስፈረስ የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ይገድላቸዋል።"

"እኔስ የማውቀው ጥጋብ የሚገድለው ሰውን ነው" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

እውነቱን ለመናገር እኔም ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የእኛ ግቢ ጌሾውም ጎመኑም ጽጌረዳውም ፍግ በልቶ ነው ያደገው። እማዬ ለምትወደው ነገር የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማብላት። አባታችንን እንኳ ሐኪም ከከለከለው በኋላ "ትንሽ ብትቀምስ ምን ይሆናል" እያለች ነበር የምታጎርሰው። እሱም እምቢ አይላትም።

እብጠቱ ወደ ፊቱ ሲወጣ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ከጥምቀት በኋላ ነው። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ወረቀቱን ደጋግማ ካየች በኋላ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸውን ነገረችን። በሳምንት ውስጥ እጥበት ተጀመረ። አንገቱ ሥር ቱቦ ገባለት፣ በፋሻ ተሸፈነ። ከዚያ ወዲህ ሕይወታችን ከዳገቱ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከጳውሎስ ወደ ዳገቱ ሆነ።

ስለ ምግቡ የምታስረዳ ነርስ ለብቻ አስቀምጣ መከረችን። ሙዝ አይበላም። ወተት አይጠጣም። ባቄላ፣ አተር፣ ሽሮውም ቢሆን አልፎ አልፎ፣ በጣም በጥቂቱ። ውሃ በብርጭቆ ተለክቶ ነው፤ ሻይም ሾርባም ከውሃው ይቆጠራል።

"እነዚህ ምግቦች ፎስፈረስ ይበዛባቸዋል" አለች። "ኩላሊቱ ስለማያወጣው ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል።"

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ነርሷ ግራ ገባት።

"ይቅርታ" አላት። "ቤቴ የዚህ በሽታ ዘመዶች አሉኝ።"

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። "ለእማዬ አንቺ ንገሪያት" አለኝ። "እኔ ከነገርኳት ታለቅሳለች።"

ለእኔም አለቀሰች። የበለጠ ያንገበገባት ሽሮው ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ቤታችን የሚበላው ሽሮና ምስር ነው። "ታዲያ ምን ላብላው? አየር?" አለችኝ። ንስሐ አባታችን መጥተው ከጾሙ ቢፈቱትም፣ ለእሷ ጾሙ አልነበረም ጉዳዩ። ልጇ ከገበታዋ መነሣቱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ጥሙ ነበር። ጥም እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ከንፈሩ ይሰነጣጠቃል፤ ሲናገር ምላሱ ይጣበቃል። በረዶ ቁራጭ አፉ ውስጥ ይይዛል። ጠዋት ጠዋት ግን ፀሐይ ሳይበረታ ወጥቶ ፕሮቲያዎቹን ያጠጣል። ውሃውን ከበርሜሉ በጣሳ ቀድቶ ቅጠሉ ሳይረጥብ ከሥር ቀስ አድርጎ ያፈስላቸዋል። አፈሩ ውሃውን ሲመጥ ይሰማል። እሱ አጎንብሶ ያንን ያዳምጣል። አንድ ቀን በመስኮት ሳየው ጣሳውን ጨርሶ ካፈሰሰ በኋላ እርጥቡን ጠርዝ ከንፈሩ ላይ አስደግፎ ቆሞ ነበር። አልጠጣም። ዝም ብሎ አስነካው።

ኩላሊት ከዘመድ እንደሚሰጥ ሰማን። እማዬ "የእኔን አውጡ" ብላ ቀድማ ተነሣች፤ ዕድሜዋ አልፈቀደም። ቀጥዬ እኔ ተመረመርኩ። ደሜ ከእሱ ጋር ይስማማ ነበር። ለጥቂት ቀናት ቤታችን ውስጥ የሆነ ብርሃን ገባ፤ እማዬ ግቢውን ስትጠርግ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ከዚያ የመጨረሻውን ውጤት ሊነግሩን ጠሩን። እኔም ስኳር አለብኝ። አላውቅም ነበር። ሐኪሙ በጣም ጨዋ ሰው ነበር፤ "ያንቺም ኩላሊት ከአሁን ጀምሮ መጠበቅ ያለበት ነው" አለኝ።

ጳውሎስ አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀመጥን። ዙሪያችን የሐኪም ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች ይሳሳቃሉ። እኔ ሻዩን ማማሰል ጀመርኩና እንባዬ መጣ።

"ተይ እንጂ" አለኝ። "ስኳር አትጨምሪበት ደግሞ፤ ሰውየው አሁን የነገረሽን ረሳሽው?"

"አትቀልድ።"

"አልቀለድኩም። ሁለታችንም አንድ አልጋ ላይ ብንወድቅ ለእማዬ ማን ይቀራታል?" ካለ በኋላ ሻዬን ከፊቴ ስቦ አንዴ ብቻ ተጎነጨና መለሰልኝ። "ይሄ የዛሬው ውሃዬ ነው።"

የፍጉ ነገር የሆነው በሁዳዴ አጋማሽ ነው። ፕሮቲያዎቹ ከመጡ ወዲህ ይህን ያህል አላደጉም ነበር፤ ወንድሜ መጀመሪያ ሥር ነው የሚሰዱት ይል ነበር። እማዬ ግን ልጇ ሲመነምን፣ ተክሎቹም ባሉበት ሲቆሙ በየቀኑ ታያለች። እኛ እጥበት ላይ በዋልንበት ቀን ከጎረቤታችን የዶሮ ኩስ ተቀብላ፣ አድቅቃ፣ ባልዲዎቹን ሁሉ አዳረሰች። በላዩ አፈር መለሰችበት። ለማንም አልነገረችም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የቅጠሎቹ ጠርዝ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ወረቀት ይመስል ጠቆረ። ወንድሜ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከትቶ አወጣና አሸተተው። እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽባቸው?"

"ምን አደረግሁ? ትንሽ ኩስ ነው። ሲቀጭጩ እያየሁ ዝም ልበል?"

"አልነገርኩሽም? ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ?"

"ልጄ፣ ላንተ ብዬ እኮ ነው። ደስ ይበልህ ብዬ፣ በልተው ለምልመው…"

"የምትወጂውን ሁሉ እያበላሽ ነው የምትገድዪው!" ብሎ ጮኸ። "አባዬንም እንዲሁ ነው የገደልሽው!"

 ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታችን ሬዲዮ ብቻ ይሰማል። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሜ ወዲያው የጸጸተው ይመስለኛል። ግን ይቅርታ አላለም። ባልዲዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ወደ ቧንቧው ወሰደ። ውሃ በፈረቃ የምትመጣበት ሳምንት ስለነበር ከበርሜሉ እየቀዳሁ ሰጠሁት። ኩሱ ታጥቦ እንዲወጣ ደጋግሞ አፈሰሰባቸው። ከታች የሚወርደው ውሃ ቡናማ ነበር፤ ቆይቶ ጠራ። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ሁሉ የተረፉት ሦስት ናቸው። የቀሩትን እኔ ነቅዬ ጣልኳቸው፤ እሱ ሊያይ አልፈለገም።

እማዬና ወንድሜ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ። ምግቡን ለብቻ ትሠራለች፤ የተፈቀደለትን ብቻ፣ ጨው የሌለው። ሳህኑን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ትወጣለች። "ብላ በይው" ትለኛለች እዚያው እየሰማ። እሱም "በቃኝ በያት" ይለኛል። ፋሲካ እንዲህ አለፈ። ዶሮው ተሠራ፤ ማናችንም በቅጡ አልበላንም።

ሰኔ ላይ ከሦስቱ አንዱ እምቡጥ አወጣ። ሲያድግ ሲያድግ የተጨበጠ እጅ አከለ። ወንድሜ ዝናቡ ሲጠና ሦስቱንም ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ ሥር አስጠጋቸው፤ ነፋስ ያገኛቸዋል፣ ውሃው ግን አይመታቸውም። ከእጥበት ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር መጀመሪያ እሱን ነው የሚያየው። ሐምሌ ላይ፣ ለሁለት ቀን ፀሐይ ስትወጣ፣ እምቡጡ ተከፈተ። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተጣጠፈ። መሐሉ ነጭ ጸጉር ይመስላል። ቀለሙ ፈዛዛ፣ የታጠበ ሐምራዊ።

"ፎቶው ላይ የነበረው እንደዚህ አይደለም" አለኝ ወንድሜ። ቅር ብሎታል። "ከዚህ የደመቀ ነበር።"

"ታምሞ ነበር እኮ" አለች እማዬ።

ሁለታችንም ዞርን። ከኋላችን ቆማ ነበር። ከሁዳዴ ወዲህ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ቀረብ አለችና ሳትነካው ጎንበስ ብላ አየችው።

"ሊቀ ጳጳስ ነው የሚመስለው" አለች። "ከነአክሊሉ።"

ወንድሜ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "እማዬ፣ ያን ቀን ያልኩሽን…"

"ተወው።"

"አባዬን…"

"ተወው አልኩህ። ሞቷል፣ አይሰማህም። እኔ ደግሞ ረስቼዋለሁ።"

አልረሳችውም። ሁላችንም እናውቃለን። ግን በርጩማዋን አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ዩኒፎርም የሚታዘዝበት ወቅት ስለነበር እዚያው ትቻቸው ወደ ሱቅ ሄድኩ። ዳገቱን ስወርድ ልቤ ቀሎኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ ስመለስ ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ተራራ የወጣ ሰው ይመስል ያለከልካል። ጉሮሮው ውስጥ ይንቆረቆራል። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብለታለች፤ ፊቷ አመድ ሆኗል። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ማራገቧን ታፈጥናለች። ኮንትራት ታክሲ ጠርቼ፣ ጎረቤቶች ደግፈውት ወረድን። ሆስፒታል ሲደርስ ሳንባው ውሃ መሙላቱን ነገሩን። በማሽኑ አወጡለት። ተረፈ።

በማግስቱ ሲረጋጋ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለ እጄን ያዘኝ።

"እማዬን እንዳትናገሪያት" አለኝ። "እኔ ነኝ የለመንኳት።"

"ምን?"

"ውሃ። በጆግ አመጣችልኝ፤ የገንቦ ውሃ፣ ቀዝቃዛ። መጀመሪያ አይሆንም አለች። እግሯ ላይ ነው የወደቅሁት፣ ታምኛለሽ? እንደ ሕፃን። ጠጣሁ፣ ደግሜ ጠጣሁ። እሷም እያየችኝ ታለቅሳለች፣ ግን ትቀዳልኛለች።"

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

"እንዲህ ጠጥቼ አላውቅም" አለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። በሽታው ከጀመረው ወዲህ ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ እርካታ አይቼ አላውቅም።

ወንድሜ የሞተው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ውሃው አልነበረም የገደለው። በአንገቱ ቱቦ በኩል ኢንፌክሽን ገባና ወደ ደሙ ተሰራጨ፤ ትኩሳቱ በጀመረው በጥቂት ቀን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ሐኪሞቹ ይህ የሚያጋጥም ነገር መሆኑን አስረድተውኛል። እኔም ለእማዬ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።

በድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲያለቅስ እሷ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ብድግ ብላ ደረቷን እየመታች፣ "ልጄ ውሃ ጠምቶት አልሞተም! አጠጥቼዋለሁ!" አለች። ለቀስተኞቹ የሐዘን ቃል መሰላቸውና አብረው አነቡ። እኔ ተነሥቼ ከድንኳኑ ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። በማን ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሠልስቱ አልፎ ቤቱ ጭር ሲል ጠራችኝ።

"ነግሮሽ ነበር?"

"ነግሮኛል።"

"ተቀየምሽኝ?"

"አላውቅም እማዬ።"

"እኔም አላውቅም" አለች። "እንደገና ቢለምነኝ ግን እንደገና እሰጠው ነበር።"

ተክሎቹን እኔ ተረከብኳቸው። እንደሚያደርገው ሁሉ አደረግሁ፤ ጠዋት ከሥር አጠጣሁ፣ አልኮተኮትኩም፣ ፍግ አላስጠጋሁም። አበባውን እማዬ ቆርጣ መቃብሩ ላይ አኖረችው። ፕሮቲያ ሲደርቅ አይረግፍም፤ ግን ከነፋሱ ይሁን ከልጆች አላውቅም፣ ለአርባው ስንሄድ አልነበረም። አንደኛው ተክል በበጋው ደረቀ። ሁለተኛውን አጥር የሚያድሱ ሠራተኞች ከቦታው ሲያነሡት ሥሩ ተነካና አልተመለሰም። አበባ ያበበው ሦስተኛው እስከ ባለፈው ክረምት ቆይቶ፣ ዝናቡ ሲበዛበት ከሥሩ በሰበሰ። ስነቅለው ጭቃ ብቻ ነበር የያዘው።

እማዬ አሁን አርጅታለች። የእኔ ስኳር አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ ይወርዳል፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። ምሳ ስታቀርብልኝ ሳህኑን ወዲያው አታስቀምጠውም። በእጇ እንደያዘች ትቆማለች።

"ይሄ ይፈቀድልሻል?" ትለኛለች።

"ይፈቀድልኛል።"

"ድንቹስ?"

"ትንሽ።"

ድንቹን በማንኪያ እየለቀመች ወደ ራሷ ሳህን ትመልሳለች፣ ሁለቱን ትታልኝ። ጉረሺ አትለኝም። ከወንድሜ ሞት ወዲህ በእጇ አጉርሳኝ አታውቅም። አንዳንድ ቀን እንድትለኝ እጠብቃለሁ፤ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ የራሷን ትበላለች።